«ቆቃን ለቀቁብን»፦ ስለ ግድብና ጎርፍ ተረትና እውነታ

አዳማ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ አዋሽ ሞልቶ የወንጂን ማሳ ሲያጥለቀልቅ፣ «ዝናብ በሌለበት ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በየክረምቱ የሚሰማው መልስ ግን አንድ ነው፤ «ቆቃን ለቀቁብን፤ በሩን ባይከፍቱት ኖሮ ጎርፍ አይመጣም ነበር።» ይህ እምነት ሰው ይጎዳል። «ነገ ይዘጉታል» ብሎ ከወንዙ ዳር ሳይነሳ የቀረ ቤተሰብ ከብቱንና እህሉን፣ ሲከፋም ሕይወቱን ያጣል።

ተረት፦ ጎርፉን የሚያመጣው የግድቡ በር ነው።

እውነታ፦ ግድብ ውሃ አይፈጥርም። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነስቶ፣ የበቾን ሜዳ አቋርጦ፣ የአቃቂን ውሃ ጨምሮ ቆቃ ግድብ ይደርሳል፤ የሞጆ ወንዝም እዚያው ይገባል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ፣ አዳማ ላይ ጠብ ሳይል፣ ከግድቡ ጀርባ ያለውን ሐይቅ ይሞላዋል።

እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው ቆቃ የኮንክሪት ግድብ ነው። ሐይቁ ሲሞላ 180 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። እስቲ እናስላው። በሰከንድ የሚገባው ውሃ ከሚወጣው በ500 ሜትር ኩብ ቢበልጥ፣ በአንድ ቀን 43 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይጠራቀማል። ይህ ሐይቁን በቀን 24 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በአራት ቀን ደግሞ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ሐይቁ አስቀድሞ ከሞላ ግን ለዚያ አንድ ሜትር ቦታ የለውም።

ማስተንፈሻ የሚሠራው ለዚህ ነው። ተርባይኖቹ ማሳለፍ ከሚችሉት በላይ የሆነውን ውሃ፣ በሮቹ በልክ እየተከፈቱ፣ ግድቡን ሳይጎዳ ወደ ወንዙ ይመልሰዋል። በሩ ተዘግቶ ቢቆይ ውሃው የሚቀር አይደለም። በግድቡ አናት ላይ ይፈስሳል፤ ግራና ቀኙንና መሠረቱን ይቦረቡራል። ግድቡ የአፈር ወይም የድንጋይ ሙሌት ከሆነ ደግሞ ጭራሹን ይደረመሳል። በጳጉሜ 2015 ዓ.ም. የሊቢያዋ ደርና ከተማ ሁለት ግድቦች በአንድ ሌሊት ተደርምሰው ሺዎች አልቀዋል። በልክ የተለቀቀ ውሃ ማሳ ያበላሻል፤ የተደረመሰ ግድብ ከተማ ጠርጎ ይሄዳል።

ይሁንና የነዋሪው ቅሬታ መሠረት የለውም አልልም። ለመብራት የተሠራ ሐይቅ ለበጋው እንዲበቃ ክረምት ሲወጣ ሙሉ ሆኖ መገኘት አለበት፤ ጎርፍ ለመቀበል ደግሞ ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ሁለቱ ፍላጎቶች ይጋጫሉ። ሐይቁ እስኪሞላ ተጠብቆ ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ከተለቀቀ፣ ቀደም ብሎ በጥቂት በጥቂቱ ቢለቀቅ ከሚያደርሰው የበለጠ ጉዳት ያደርሳል። ማስጠንቀቂያው ከዘገየም ጥፋቱ የሰው ነው። በአንድ ክረምት የሆነው የትኛው እንደሆነ ለመፍረድ ግን የገባውና የወጣው ውሃ የዕለት መዝገብ መታየት አለበት።

የማልታገሠው ይህን መዝገብ ሳይጠይቁ፣ ከበሩ የሚወርድ ውሃ ቪዲዮ እየለጠፉ «አሰጠሙን» የሚሉትን ነው። የሕዝቡን ቁጣ በሩ ላይ ያስሩታል፤ ማስጠንቀቂያው ለምን እንደዘገየ፣ ጎርፍ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ቤት እንዲሠራ ማን እንደፈቀደ የሚጠይቅ ይጠፋል።

ሌሎቹ ተረቶች በአጭሩ፦

«ግድብ ካለ ጎርፍ የለም።» ስህተት። ግድብ መለስተኛውን ጎርፍ ይይዛል፤ ትልቁን ያበርደዋል፣ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ቆቃም ከደጋው በሚመጣው ደለል የመያዝ አቅሙ ቀንሷል።

«የአፋር ጎርፍ ሁሉ ከቆቃ ነው።» አይደለም። ከሰም፣ ቀበና፣ ቦርከናና ሚሌ አዋሽን የሚቀላቀሉት ከቆቃ በታች ነው፤ የቆቃ በር ቢዘጋም ቢከፈትም የእነሱን ውሃ አያቆመውም።

«ማስተንፈሻው ሲከፈት ደለሉ ይታጠባል።» ማስተንፈሻ የሚለቀው የላይኛውን ውሃ ነው፤ ሐይቁ ወለል ላይ የተኛው ደለል እዚያው ይቀራል። መፍትሔው ያለው ደጋው ላይ፣ በእርከንና በዛፍ ነው።

«ተርባይን ውሃውን ይጨርሰዋል።» ተርባይን ውሃ አይጠጣም። ከቆቃ የወጣው ውሃ አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት ላይ እንደገና መብራት ያመነጫል፤ ወርዶም የመተሐራን ሸንኮራ ያጠጣል።

በዚህ ክረምት ከግድቡ በታች የምትኖሩ ሁሉ «ለምን ከፈታችሁ?» የሚለውን ትታችሁ ይህን ጠይቁ፤ የሐይቁ ከፍታ ዛሬ ስንት ደረሰ? ምን ያህል ውሃ፣ መቼ ይለቀቃል? ከስንት ሰዓት በፊት ይነገረናል? ይህን ማወቅ መብታችሁ ነው። ተነሱ ስትባሉ ግን የበሩን መዘጋት አትጠብቁ፤ ልጆቻችሁንና ከብቶቻችሁን ይዛችሁ ወደ ከፍታው ውጡ።