የአርኬድ ጆይስቲክ ማሻሻያ

የአርኬድ ጆይስቲክ ማሻሻያ ማለት የቪዲዮ ጨዋታ መቆጣጠሪያ ዘንግን የውስጥ ክፍሎች በመለወጥ፣ ዘንጉ ሲገፋ ለእጅ የሚሰጠውን ስሜት መቀየር ነው።

አሠራር

የጃፓኑ ሳንዋ ኩባንያ በሚሠራው «ጄ ኤል ኤፍ» ጆይስቲክ ውስጥ ዘንጉን ወደ መሐል የሚመልስ ሞላና በዙሪያው የተቀመጡ 4 ማይክሮስዊቾች አሉ። ዘንጉ ሲገፋ አንዱ ስዊች ይጫናል፤ ሁለት ጎረቤት ስዊቾች አብረው ከተጫኑ ሰያፍ አቅጣጫ ይሆናል።

የሚለወጡ ክፍሎች

* ሞላ፦ ጠንካራ ሞላ ዘንጉን ቶሎ ወደ መሐል ይመልሳል፤ ነገር ግን ለመግፋት ተጨማሪ ኃይል ስለሚጠይቅ በረጅም ጨዋታ እጅን ያደክማል።
* ስዊቹን የሚገፋው ፕላስቲክ፦ ወፍራም ሲሆን ስዊቹ በትንሽ እንቅስቃሴ ይጫናል። ሆኖም ያልታሰበ ትእዛዝ የመስጠት ዕድሉም ይጨምራል።
* የእንቅስቃሴ ገደብ፦ ዘንጉ የት ድረስ እንደሚሄድ የሚወስን ክፍል ነው። አራት ማዕዘን ከሆነ ሰያፍ አቅጣጫዎች በማዕዘኖቹ ላይ በቀላሉ ይገኛሉ። ስምንት ማዕዘን ሲሆን እያንዳንዱ አቅጣጫ የራሱ ማዕዘን ይኖረዋል፤ ክብ ከሆነ ግን ዘንጉ ያለ እንቅፋት ይዞራል።
* እጀታ፦ በጃፓን የኳስ ቅርጽ ያለው የተለመደ ሲሆን፣ በአሜሪካና በኮሪያ ረዘም ያለው ይዘወተራል።

የኮሪያ ጆይስቲኮች

በደቡብ ኮሪያ በተለመዱት ጆይስቲኮች ዘንጉን ወደ መሐል የሚመልሰው በሞላ ፋንታ የጎማ ቀለበት ነው። በዚህ ዓይነት ጆይስቲክ የሚለወጠው የጎማው ጥንካሬ ነው።

አንዱ ክፍል ሲለወጥ የሌላው ስሜት አብሮ ስለሚቀየር፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ መለወጥ የትኛው ምን እንዳመጣ ለመለየት ይረዳል።