«ኦርጅናሉን ስጪኝ»፦ የመድኃኒት ፓተንት ማንን ነው የሚከለክለው?

ከመገናኛ ወደ ሲ.ኤም.ሲ. በሚወስደው መንገድ ጉርድ ሾላ የደረሰ ሰው በግራም በቀኝም የመድኃኒት ቤት አረንጓዴ መስቀል ማየቱ አይቀርም። ሰሞኑን ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ወረፋ ስንጠብቅ የሰማነው አጭር ንግግር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆነን። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ ሰው የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት የታዘዘበትን ወረቀት ዘረጉ። ባለሙያዋ ሁለት ዓይነት ፓኮ አወጣችና «ጋሼ፣ የህንዱን ልስጥዎት ወይስ የአውሮፓውን?» አለቻቸው። ሰውየው የሁለቱንም ዋጋ ጠየቁ፤ ሰሙ፤ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያም «ግድ የለም የኔ ልጅ፣ ኦርጅናሉን ስጪኝ። ያኛው ፓተንት የለውም ይባላል» አሉ። ሒሳብ ሲከፍሉ ግን የወሰዱት የአንድ ወሩን ሳይሆን ለአሥር ቀን የሚበቃውን ብቻ ነበር።

የተቀረው ሃያ ቀን ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ ተቋርጦ የሚቀጥል ነገር አይደለም።

ነገሩን እናጣራ ብለን ስንጠይቅ ያገኘነው ይህን ነው። የታዘዘላቸው አምሎዲፒንና አቶርቫስታቲን ነው። የአምሎዲፒን ፓተንት በአሜሪካ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን የአቶርቫስታቲን ደግሞ በኅዳር 2011 ነው። በሌላ አነጋገር ሰውየው የመረጡትም ሆነ የተዉት ፓኮ ዛሬ ፓተንት የለውም። በውዱ ፓኮ ላይ የቀረው የንግድ ምልክቱ፣ ማለትም ስሙ ነው። ፓተንት ጊዜው ሲደርስ ይሞታል፤ የንግድ ምልክት ግን እየታደሰ እስከ ወዲያኛው ሊኖር ይችላል። ገበያው ላይ ብዙ ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር ይኸው የሁለቱ መምታታት ነው ብንል የተጋነነ አይሆንም። የመድኃኒቱ ጥራት ከፓተንት ጋር አይገናኝም። ጥራቱን አይቶ የሚመዘግብ ወይም የሚከለክል የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ፓተንት የሚሰጠው ደግሞ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የሚመልሱት ጥያቄ ለየቅል ነው።

ታዲያ ፓተንት ምን ይሠራል? ለፈጠራ ባለቤቱ ለተወሰነ ዓመት ሌላ ሰው እንዳይሠራበት የመከልከል መብት የሚሰጥ ወረቀት ነው። በምላሹም ባለቤቱ አሠራሩን በጽሑፍ ለሕዝብ ይገልጣል። በብዙ አገሮች ዘመኑ ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንስቶ 20 ዓመት ነው። ለመድኃኒት ሲሆን ከዚህ ውስጥ አሥር ዓመት ግድም በምርመራና በሙከራ ያልቃል። የመድኃኒት ኩባንያዎች ለፓተንት የሚሟገቱትም በዚህ ምክንያት ነው። ክኒኑን ጋግሮ ማውጣት ርካሽ ነው፤ ሰው እንደማይገድልና እንደሚፈውስ ማረጋገጥ ነው ውዱ። ይህን ወጪ አንዱ ከፍሎ ሌላው በማግስቱ ከቀዳው ከፋዩ ከየት ይመጣል ይላሉ።

ይህ ክርክር ባዶ እንዳልሆነ የእኛው እንዶድ ምስክር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነው። ከደጃችን የሚበቅል ተክል በሽታውን ከምንጩ ለመግታት ሊያገለግል ይችላል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚጠየቀውን የመርዛማነት ምርመራ ለማስጨረስ ከሃያ ዓመት በላይ ወሰደ። ማንም በየአጥሩ ተክሎ ሊጠቀምበት ለሚችለው ነገር የምርመራ ወጪ የሚሸፍን ነጋዴ አይገኝማ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ሲያገኙ ግኝቱ 25 ዓመት ሞልቶት ነበር። በ1990ዎቹ ደግሞ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውኃ ቱቦ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ ለማጥፋት እንዲውል ፓተንት አወጣበት። ለአሜሪካ ቱቦ ገንዘብ የሚከፍል አለ፤ ለአድዋ ወንዝ የሚከፍል አልነበረም። ፓተንት የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ለጊዜው አልመጣልንም።

አሁን ወደ ሕጋችን እንግባ። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የወጣው በግንቦት 1987 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ለፓተንት 15 ዓመት የሰጠ ሲሆን ባለቤቱ ፈጠራውን አገር ውስጥ በሥራ ላይ ማዋሉን ካስረዳ 5 ዓመት ይጨመርለታል ይላል። ሰውን ወይም እንስሳን የማከሚያ ዘዴ ፓተንት አይሰጠውም፤ መድኃኒቱ ራሱ ግን ከፓተንት ውጭ አልተደረገም። ያን ጊዜ ኢትዮጵያን ለመድኃኒት ፓተንት ስጪ ብሎ የሚያስገድዳት ዓለም አቀፍ ስምምነት አልነበረም። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል አልነበረችም። አባል የሆኑት ድሆች አገሮች እንኳ በመድኃኒት በኩል እስከ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2033 ድረስ ይህ ግዴታ ተነስቶላቸዋል። ሳይጠይቁን ሰጠን ማለት ነው።

ሆኖም አዋጁ ውስጥ ብዙ ሰው ልብ ያላለው አንድ ነጥብ አለ። ባለፓተንቱ የፓተንቱን ውጤት ወደ አገር ውስጥ የማስገባት ሞኖፖል አይኖረውም ይላል። ይህ ለገበያ ሰው ትልቅ ነገር ነው። አንድ የውጭ ኩባንያ ለአዲስ መድኃኒቱ እዚህ ፓተንት ቢያወጣ እንኳ አስመጪው ያንኑ መድኃኒት ከሌላ አምራች ገዝቶ ቢያስገባ በዚህ አዋጅ አይከለከልም። የሚከለከለው እዚሁ ፋብሪካ ተክሎ መድኃኒቱን ላምርት የሚለው ሰው ነው። አስመጪው ነፃ፣ አምራቹ እስረኛ! ሕግ አውጪው ያን ጊዜ ያሰበው የውጭ ኩባንያ ፓተንቱን ይዞ መጥቶ እዚህ እንዲያመርት ሳይሆን አይቀርም። ያም ሆነ ይህ ውጤቱ ይኸው ነው።

እርግጥ ነው፣ በተግባር የውጭ መድኃኒት ኩባንያዎች እዚህ ለማመልከት ብዙም አልተጣደፉም። ፓተንት የሚጸናው በተመዘገበበት አገር ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የፓተንት ትብብር ስምምነት አባል ስላልነበረች እያንዳንዱ ማመልከቻ በቀጥታ አዲስ አበባ መግባት ነበረበት። ገበያው ያን ያህል አያጓጓም ብለው የተዉት ይመስላል።

እንግዲህ የእኛ በር ክፍት ከሆነ አዲስ መድኃኒት ለምን ይጠፋል፣ ለምንስ ይወደዳል? መልሱ ያለው ጉርድ ሾላ ሳይሆን ህንድ ነው። መደርደሪያችንን የሚሞሉት የህንድ ፋብሪካዎች ናቸው። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣችው ሕግ ለመድኃኒት አሠራር እንጂ ለመድኃኒቱ ለራሱ ፓተንት መስጠት አቆመች። አንድን ሞለኪውል በሌላ መንገድ የሠራ ሁሉ መሸጥ ይችል ነበር። የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነቷ ግን ከጥር 1 ቀን 2005 ጀምሮ ለመድኃኒቱም ፓተንት እንድትሰጥ አስገደዳት። ከዚያ ወዲህ የተፈጠረ መድኃኒት የህንድ ፋብሪካ እንዳሻው የሚቀዳው አይደለም። እኛ ሳንከለከል ሻጩ ተከለከለ።

ከዚያ በፊት የነበረው ነፃነት ምን እንዳስገኘ ኤች.አይ.ቪ. ያየ ትውልድ አይረሳውም። የሦስቱ መድኃኒት ሕክምና ለአንድ ሰው በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ በሚጠይቅበት ሰዓት፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 ሲፕላ የተባለው የህንድ ኩባንያ በ350 ዶላር አቀርባለሁ ብሎ ተነሳ። በአገራችን ሕክምናው በክፍያ የተጀመረው በ2003 ሲሆን በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 2005 ነው። ለጋሾች ገንዘብ ማውጣታቸው ሐቅ ነው፤ ዋጋው በዚያ ልክ ባይወርድ ኖሮ ግን የትኛውም ለጋሽ ለዚያን ያህል ሕዝብ ባልደፈረ ነበር።

ከ2005 በኋላ የመጡት መድኃኒቶች በሌላ መንገድ ነው የሚደርሱን፤ በባለቤቱ ፈቃድ። ለጉበት ቫይረስ ሲ የሚሰጠው ሶፎስቡቪር እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ አንዱ ክኒን 1,000 ዶላር፣ የ12 ሳምንቱ ሕክምና 84,000 ዶላር ነበር። ባለቤቱ ጊሊድ በ2014 ለህንድ ኩባንያዎች ፈቃድ ሰጥቶ በ91 አገሮች እንዲሸጡ አደረገ፤ ኢትዮጵያም ከነዚያ አንዷ ናት። መልካም ነው። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ግን ሻጩ ነው፤ በዝርዝሩ ያልገባ መካከለኛ ገቢ ያለው አገር በር ላይ ቀርቷል። የደም ካንሰር መድኃኒቱ ግሊቬክም እንዲሁ ነው። ኖቫርቲስ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2013 በህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረትቶ ፓተንቱን ተነፈገ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚታከሙ ሕሙማን ግን መድኃኒቱን ለዓመታት በነፃ ያገኙት ኩባንያው ባቋቋመው የእርዳታ ፕሮግራም በኩል ነው። ችሮታው ችሮታ ነው፤ መብት ግን አይደለም፤ ሰጪው ያቆምኩ ቀን የሚከሰስበት ሕግ የለም።

ለተለመዱት መድኃኒቶች፣ ማለትም ለአሞክሳሲሊን፣ ለሜትፎርሚን፣ ለኦሜፕራዞል፣ ፓተንት የሚባል ነገር ካበቃ ዘመን አልፎታል። በእነሱ ዋጋ ላይ የሚፈርደው የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚገዛ ክኒን በብር እንዴት እንደሚሆን ማንም ያውቀዋል። የጉርድ ሾላ ነጋዴ «ፓተንት ነው ያስወደደው» ቢልዎት አይመኑት።

ፓተንቱ የሚያሳስበው አንደኛ ለአዳዲሶቹ የካንሰርና የስኳር መድኃኒቶች፣ ሁለተኛ ደግሞ እዚሁ እናምርት ለሚሉት ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2025 የሚዘልቅ የመድኃኒት ማምረቻ ስትራቴጂ አውጥቷል፤ ቂሊንጦ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ ሆኗል፤ በ2018 ሂውማንዌል የተባለው የቻይና ኩባንያ በሰሜን ሸዋ ፋብሪካ ከፍቷል። ፋብሪካዎቻችን የሚያመርቱት በአብዛኛው ፓተንታቸው ያለቀ መድኃኒቶችን ስለሆነ እስካሁን ከማንም ጋር የሚያጋጭ ነገር አልገጠማቸውም። ይህ ግን ትርፉ የቀጠነ፣ ከህንድ ግዙፍ ፋብሪካ ጋር በዋጋ የሚያተናንቅ ገበያ ነው።

ባንግላዴሽ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። የንግድ ድርጅቱ አባል ብትሆንም ለድሆች አገሮች የተሰጠውን ጊዜ ተጠቅማ በ2008 ለመድኃኒት ፓተንት መስጠት አቆመች። ሶፎስቡቪር አሜሪካ በወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ ዳካ ያለ ፋብሪካ ያንኑ ማምረት ጀመረ። አገሪቱ ከሚያስፈልጋት መድኃኒት ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያቀርቡት የራሷ ፋብሪካዎች ናቸው። እኛ ያንኑ እናድርግ ብንል በ1987ቱ አዋጅ መሠረት ለጤና ሲባል መንግሥት ያለ ባለቤቱ ስምምነት ካሣ ከፍሎ ማሠራት የሚችልበት አንቀጽ አለ። ለአንድ አጣዳፊ ጉዳይ ያገለግል ይሆናል፤ ፋብሪካ ተክሎ የባንክ ብድር የሚመልስ ባለሀብት ግን በእንዲህ ያለ አንቀጽ ላይ ተማምኖ ሚሊዮኖች አያፈስም። ለእሱ የሚሻለው መድኃኒት እስከ 2033 ድረስ ከፓተንት ውጭ ነው የሚል አንድ መስመር ነው።

ያ መስመር ደግሞ ጄኔቭ ላይ ሊዘጋ የሚችል ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በጥር 1995 ዓ.ም. ነው። ድርድሩ ለብዙ ዓመታት ሲጎተት ቆይቶ በቅርብ ዓመታት ተፋጥኗል። አዲስ ገቢ አገር ነባሮቹ ድሆች አገሮች ያገኙትን ጊዜ በራስ ሰር አያገኝም፤ ተደራድሮ ነው። ካምቦዲያ እ.ኤ.አ. በ2004 ስትገባ እንደ ድሃ አገር ረጅም ጊዜ ሊሰጣት ሲገባ የፓተንቱን ስምምነት ከጥር 2007 ጀምሮ እፈጽማለሁ ብላ ፈርማ ነበር። በስምምነቱ መሠረት ባለፓተንቱ ማስገባትንም መከልከል ይችላል። በመሆኑም በእኛ አዋጅ ውስጥ ያለችው የአስመጪ ነፃነት፣ ጊዜ ካልተጠየቀላት፣ ከአባልነቱ ጋር አብራ ትሄዳለች። ያን ጊዜ አዲስ መድኃኒት ለማምጣት የሚፈልግ የጉርድ ሾላ አስመጪ ከማዘዙ በፊት የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን መዝገብ ማየት ይኖርበታል።