ቆዳ ላይ የወጣው ሁሉ ምች አይደለም

በየቤታችን ለቆዳ ሕመም የምንሰጣቸው ስሞች ጥቂት ናቸው። ፊት ላይ ድንገት የወጣው ምች ነው። ክብ ሆኖ የሚያሳክከው ጭርት፣ ነጭ ሆኖ የሚሰፋው ለምጽ፣ ውሃ ቋጥሮ የሚያቃጥለው ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ይባላል። ስሙ ከወጣለት በኋላ መድኃኒቱ ብዙ አያከራክርም። ለምቹ ዳማከሴ ይታሻል፣ ለጭርቱ ከመድኃኒት ቤት ቅባት ይገዛል፣ ለሌላው ጸበል ይኬዳል ወይም የባህል ሐኪም ይጠየቃል። ብዙውን ጊዜም በሳምንት በሁለት ሳምንት ይሻላል።

ችግሩ ያልተሻለው ላይ ነው። ወር ሁለት ወር ቆይቶ እየሰፋ የሚሄድ፣ ዳነ ሲባል ተመልሶ የሚመጣ ሕመም ሲያጋጥም ብዙ ቤተሰብ የሚለውጠው መድኃኒቱን እንጂ ስሙን አይደለም። ከእነዚህ ሕመሞች መካከል የሰውነት መከላከያ በገዛ አካሉ ላይ በመነሣቱ የሚመጡ አሉ። በሕክምናው ቋንቋ «አውቶኢሚዩን» ይባላሉ። አንዳንዶቹ እምብዛም የማይታዩ በመሆናቸው የጎረቤት ልምድ አይደርስባቸውም፤ በጤና ጣቢያም ቢሆን ቶሎ ላይለዩ ይችላሉ። ስማቸው ሳይታወቅ የሚያልፈው ጊዜ ግን ዋጋ ያስከፍላል። አንዱን ጠባሳ፣ ሌላውን ኩላሊት፣ አንዳንዱንም ሕይወት።

መከላከያው የራሱን ሲያጠቃ

ሰውነታችን ተሕዋስያንን የሚዋጋበት መከላከያ አለው። ይህ መከላከያ የራሱን ከባዕዱ መለየት ሲሳነው የገዛ አካሉን ያጠቃል። የቆዳን ሕዋሳት እርስ በርስ የሚያያይዘውን ፕሮቲን እንደ ጠላት ከቆጠረ ቆዳው እየተላቀቀ ውሃ ይቋጥራል። ቀለም የሚሠሩትን ሕዋሳት ካጠቃ ቆዳው ይነጣል። የፀጉርን ሥር ካጠቃ ፀጉሩ እንደ ሳንቲም ክብ ክብ እየሆነ ይረግፋል።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ እነዚህ ሕመሞች ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ ልብስ መዋዋስም ሆነ ልጅ መሳም አያስይዝም። ሁለተኛ፣ ከንጽሕና ጉድለት የሚመጡ አይደሉም። ስለዚህ ታማሚው ሳህኑ የሚለይበት፣ ከልጅ ልጆቹም የሚርቅበት ምክንያት የለም።

የማይድን የአፍ ቁስል

ለአያቶች በተለይ መታወቅ ያለበት ፔምፊገስ የተባለው ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከ40 እስከ 60 ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ የሚጀምረው በቆዳ ሳይሆን በአፍ ነው። ድድና ጉንጭ ይላጣሉ፣ በርበሬ ያቃጥላል፣ ቀስ በቀስም እንጀራ መዋጥ ይከብዳል። በዚህ ጊዜ ሰው የሚሄደው ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው፤ አለዚያም የአፍ ፈንገስ ነው ተብሎ ይታከማል። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ካለፉ በኋላ ደረትና ጀርባ ላይ ስስ፣ በቀላሉ የሚፈርጥ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል። ሲፈርጥ የተላጠ ቆዳ ይተዋል።

ሌላው ፔምፊጎይድ ይባላል። ይህኛው የሚበዛው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ነው። ውሃ የቋጠረው ከመውጣቱ በፊት ለወራት ብርቱ ማሳከክ ብቻ ሊኖር ይችላል። «እርጅና ነው፣ ቆዳዬ ደርቆ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ኋላ የሚወጣው እብጠት ወፈር ያለና የተወጠረ ነው፤ ቶሎ አይፈርጥም፣ አፍንም ብዙ አይነካም።

ሁለቱም በአልማዝ ባለጭራ ስም ሊጠሩ ይችላሉ። ልዩነቱን ቤት ውስጥም ማስተዋል ይቻላል። አልማዝ ባለጭራ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ፣ እንደ መቀነት ተሰልፎ ይወጣል፤ ሕመሙ ብርቱ ነው፤ በጥቂት ሳምንታትም ይደርቃል። በሁለቱም ወገን የወጣ፣ በየቀኑ አዲስ የሚጨመርበት እብጠት ግን ሌላ ስም ይፈልጋል።

ፔምፊገስ ቀልድ አያውቅም። እንደ ኮርቲዞን ያሉት የስቴሮይድ መድኃኒቶች ከመገኘታቸው በፊት አብዛኞቹ ታማሚዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞቱ ነበር። ቆዳው የተላጠ ሰው እንደተቃጠለ ሰው ፈሳሽ ያጣል፣ ኢንፌክሽንም ይገባበታል። ኮርቲዞን ለሕክምና መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ ለዚህ ሥራ የበቁት ተመራማሪዎችም በ1950 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ከዚያ ወዲህ የሕመሙ ታሪክ ተለውጧል። ዛሬ በጊዜው የታወቀለት ታማሚ ሥራውን እየሠራ፣ የልጅ ልጆቹን እያየ ይኖራል።

ፀሐይ የሚያወጣው የፊት ሽፍታ

አንዲት የ25 ዓመት እናት ገበያ ውላ ስትመለስ በሁለቱ ጉንጮቿና በአፍንጫዋ ላይ ሽፍታ ቢወጣባት ምች ተብሎ ቢታለፍ አይገርምም። ፀሐይ አግኝቷታልና። ነገር ግን ሽፍታው ፀሐይ ባገኛት ቁጥር የሚመለስ ከሆነ፣ መገጣጠሚያዋን የሚያማት፣ የምትደክምና ፀጉሯ የሚረግፍ ከሆነ ሉፐስ መሆን አለመሆኑ መመርመር አለበት።

ከ10 የሉፐስ ታማሚዎች 9ኙ ሴቶች ናቸው። የሚበዛውም ልጅ በሚወለድበት ዕድሜ ነው። በሕክምና መጻሕፍት ሽፍታው «ቀይ» ይባላል፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ወደ ሐምራዊ፣ ወደ ቡኒ ወይም ወደ ጥቁር የሚያደላ ሆኖ ስለሚታይ በቀላሉ ያሳስታል። በቆዳ ላይ ብቻ የሚወሰን ዓይነት አለ፤ እርሱም በጊዜ ካልታከመ ጆሮ፣ ፊትና ራስ ቅል ላይ የማይጠፋ ጠባሳና የማይመለስ መላጣነት ይተዋል። ሌላው ዓይነት ግን ወደ ውስጥ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ኩላሊት ሲጎዳ መጀመሪያ ላይ አያምም፤ የሚታወቀው በሽንት ምርመራ ነው። የፊት ሽፍታ ይዛ የሄደች ሴት ሐኪሙ ሽንት ቢያዝዝላት ምክንያቱ ይኸው ነው።

የልጁ ነጭ ቆዳ

ቪቲሊጎን እኛ ለምጽ እንለዋለን። ይህ ስም በመጽሐፍ ቅዱስ የሚታወቅ በመሆኑ ብዙ ሰው ከሥጋ ደዌ ጋር ያደባልቀዋል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። የቪቲሊጎ ቆዳ እንደ ወተት የነጣ ነው፤ በጥጥ ሲነኩት ልጁ በደንብ ይሰማዋል። በሥጋ ደዌ የተነካ ቆዳ ደግሞ ደብዘዝ ወይም ቀላ ይላል እንጂ እንደ ወተት አይነጣም፤ ሲነካም ስሜቱ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ሥጋ ደዌም ቢሆን ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ ነፃ መድኃኒት የሚድን ነውና ይህኛውም ስም ሊያስፈራ አይገባም።

ቪቲሊጎ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የጀመራቸው ከ20 ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያየው ወላጅ ነው። ፈጥኖ ማሳከሙ ጥቅም አለው፤ አዲስ የነጣ ቆዳ ከቆየው ይልቅ ቀለሙ የመመለስ ዕድሉ የተሻለ ነው። ፊት ቶሎ ይመልሳል፤ የጣት ጫፍና እግር ግን ያስቸግራሉ። ሕክምናው በሐኪም የታዘዘ ቅባትና፣ ባለበት ቦታ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን የሚሰጥ ልዩ የብርሃን ሕክምና ነው። ውጤቱ የሚለካው በወራት ነው። ሐኪሙ የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ሊያዝ ይችላል፤ ሁለቱ ሕመሞች አንዳንዴ አብረው ይገኛሉና።

መደረግ የሌለበት አንድ ነገር አለ። ነጩን ቆዳ መፋቅ፣ በሚያቃጥል ቅጠል ማሸት ወይም መተኮስ ሕመሙን ሊያስፋፋ ይችላል። ቪቲሊጎ ቆዳ በተጎዳበት ቦታ አዲስ የመውጣት ባሕርይ አለው።

ልጁ በትምህርት ቤት የሚጠየቀው ጥያቄም የሕክምናው አካል ነው። ማይክል ጃክሰን ይህ ሕመም እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ1993 ለኦፕራ ዊንፍሬ ተናግሯል። እርሱ ያረፈበት ሰኔ 18 ቀን የዓለም የቪቲሊጎ ቀን ሆኖ ይታሰባል። ወላጅ ለመምህሩና ለክፍል ጓደኞቹ «አይተላለፍም» የምትለዋን አንድ ቃል አስቀድሞ ቢያስረዳ ልጁን ከብዙ ነገር ያድነዋል።

ከልደት የሚመጡ

መከላከያው የራሱን በማጥቃቱ ሳይሆን በዘር የሚመጡ፣ እምብዛም የማይታዩ የሕፃናት የቆዳ ሕመሞችም አሉ። ሲታቀፍ ወይም ልብስ ሲነካው ብቻ ቆዳው ውሃ የሚቋጥር ሕፃን ሊኖር ይችላል። ጥቂት ፀሐይ ሲያገኘው የሚቃጠል፣ ዓይኑን የሚጨፍን፣ ገና በ2 ዓመቱ ፊቱ በጥቁር ነጠብጣብ የሚሞላ ልጅም አለ። ይህኛው ልጅ ከፀሐይ ካልተጠበቀ ከ10 ዓመቱ በፊት እንኳ የቆዳ ካንሰር ሊያገኘው ይችላል። በእነዚህ ሕመሞች ብዙ ጊዜ እናትም አባትም ጤነኞች ናቸው፤ ሁለቱም ሳያውቁ የያዙት ዘር ሲገናኝ ልጁ ላይ ይታያል። የእናት የእርግዝና ጥፋት አይደለም።

ትንሿ ናሙና

እነዚህን ሁሉ በዓይን ብቻ መለየት ለሐኪምም ሊያስቸግር ይችላል። ስሙን የሚያጸናው ባዮፕሲ ነው። ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቆዳ ይወሰዳል፣ አንድ ወይም ሁለት ስፌት ይሰፋል፣ ታካሚውም በዚያው ዕለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። «ስለት ከነካው ይብሳል» የሚለው ስጋት ብዙዎችን ያስቀራል፤ ባዮፕሲ ግን ሕመሙን አያዛምትም።

ውሃ የሚቋጥሩ ሕመሞች ሲጠረጠሩ ሁለት ናሙና ሊያስፈልግ ይችላል። አንዱ ከአዲሱ እብጠት ጠርዝ፣ ሌላው ከአጠገቡ ካለው ጤነኛ ከሚመስለው ቆዳ። ሁለተኛው በልዩ ብርሃን የሚታይ ስለሆነ በየሆስፒታሉ አይሠራም። «ጤነኛውን ለምን ቆረጡት?» የሚል ቤተሰብ ካለ መልሱ ይህ ነው።

በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነበር። ዛሬ ሌላውንም የቆዳ ሕመም የሚያክም፣ የቆዳ ሕክምና ሥልጠና የሚሰጥበት ተቋም ነው። ስሙን ሰምተው የሚያፈገፍጉ ካሉ፣ ወደዚያ መሄድ ሥጋ ደዌ አለብህ መባል አይደለም። የጤና መድን ያላቸው ከጤና ጣቢያ ጀምረው የሪፈር ወረቀት ይዘው ይሂዱ።

መድኃኒቱና ቤቱ

ለፔምፊገስና ለከባድ ሉፐስ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ ኪኒን ነው። ከዚያ መጠኑን ለመቀነስ የሚያስችሉ እንደ አዛታዮፕሪን ያሉ ይጨመራሉ። ሪቱክሲማብ የተባለው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ለፔምፊገስ ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ለሉፐስ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ዋነኛው ሲሆን፣ ለዓመታት የሚወስደው ሰው ዓይኑን በየጊዜው መታየት አለበት።

ፕሬድኒሶሎን በጠዋት ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው። በዚህ ላይ ጾም ይነሣል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ እናት መድኃኒቱን በባዶ ሆድ ከሚወስዱ ወይም ከሚተዉ ሐኪሙንና የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ ይሻላል። ለሳምንታት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን «ተሽሎኛል» ተብሎ በአንድ ጊዜ አይቋረጥም፤ ሰውነት የራሱን መሥራት አቁሞ ስለሚቆይ ድንገት መተው ራሱ አደጋ ነው። ስኳር፣ የደም ግፊትና አጥንት ክትትል ይፈልጋሉ። ከመጀመሩ በፊትም የሳንባ ነቀርሳና የአንጀት ትላትል መመርመር አለባቸው፤ መከላከያው ሲዳከም እነዚህ ሊነሡ ይችላሉና።

ጸበል የሚጠመቅ ታማሚ ኪኒኑን ይዞ ይሂድ፤ የተላጠ ቁስል ካለውም ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። ያለ ማዘዣ የሚገዛ ወይም ከውጭ አገር ዘመድ የላከው ቅባት ስቴሮይድ ሊኖርበት ይችላል። ጭርት ላይ ቢቀባ ያስፋፋዋል፤ ፊት ላይ ለወራት ቢቀባ ቆዳውን ያሳሳዋል፤ የሌላውንም ሕመም መልክ ይሸፍናል። የሉፐስ ታማሚ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ካለው ፀሐይ በጥላ፣ በባርኔጣና በረጅም እጅጌ ትጠበቅ፤ በደጋው አገራችን ፀሐዩ ቀዝቀዝ ቢልም ጨረሩ ብርቱ ነው። ማርገዝ የምታስብ ከሆነም አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር።

መቼ ይኬድ?

ከሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ በየቀኑ የሚጨመር ውሃ የቋጠረ እብጠት፣ ፀሐይ ባገኘው ቁጥር የሚመለስ ሽፍታ፣ እየሰፋ የሚሄድ ነጭ ቆዳ የቆዳ ሐኪም ሊያየው ይገባል። አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ትኩሳት ይዞ ቆዳ ቢላጥ፣ ዓይንና አፍ ቢቆስል ግን ነገ አይባልም፤ መድኃኒቱ ተይዞ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይኬዳል።

ሲሄዱ ሦስት ነገር ይያዙ። ሽፍታው ሲብስ በስልክ የተነሣ ፎቶ፣ እስከ ዛሬ የተወሰዱትና የተቀቡት ሁሉ፣ የባህሉም ጭምር፣ እንዲሁም የጀመረበት ጊዜና ቦታ። ሐኪሙ የሕመሙን ስም ሲነግርዎ በወረቀት አስጽፈው ያስቀምጡት። ሌላ ሐኪም ዘንድ በሄዱ ቁጥር ከመጀመሪያው ከመጀመር ያድንዎታል።