ኮምቦልቻ፦ ባቡሩ ባዶውን ከወረደ የመብራት ወጪው አይቃለልም

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ጭኖ የወረደ ሾፌር የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ያውቃል። ነጋዴው ያን ሽታ በገንዘብ ሊተረጉመው ይገባል። ለዳገቱ በናፍጣ የተገዛው ጉልበት ቁልቁለቱ ላይ ሙቀት ሆኖ ይባክናልና። የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ከዚህ ጉልበት ከፊሉን መልሶ መሰብሰብ ይችላል።

ጉዳዩ የወሎን ነጋዴ የሚመለከተው ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ በተዘረጋው፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው መስመር ምክንያት ነው። የቱርኩ ያፒ መርከዚ ግንባታውን የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነበር። የአዋሽ–ኮምቦልቻው ክፍል ሐዲዱ ተነጥፎ ሳለ የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ ዘገየ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነቱ ጉዳት ደረሰበት። መስመሩ የተነደፈው ለ25 ሺህ ቮልት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዳገት ላይ ከሽቦው የሚመጣው ኤሌክትሪክ በትራንስፎርመር ተቀንሶ ኮንቨርተር ወደሚባለው መለወጫ ይገባል። በውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች በሰከንድ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየከፈቱና እየዘጉ ሞተሩ የሚፈልገውን ያህል ይሰጡታል። ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ መንኰራኩሩ ሞተሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩም ጀነሬተር ይሆናል። መለወጫው የመነጨውን ኤሌክትሪክ ከሽቦው ጋር አስማምቶ ይመልሰዋል። በአቅራቢያው ዳገት የሚወጣ ባቡር ካለ ይጠቀምበታል፤ ከሌለ በማከፋፈያ ጣቢያው በኩል ወደ አገሪቱ መረብ ሊገባ ይችላል።

ሒሳቡን እንመልከት። 1000 ቶን የሚመዝን ባቡር 100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 270 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይለቃል። ኮምቦልቻ ከአዋሽ ከ800 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ከዚህ ላይ ሐዲዱና ነፋሱ የሚወስዱት፣ በመሣሪያው ውስጥም የሚጠፋው ይቀነሳል። የቀረው ተመላሽ ነው።

ችግሩ ያለው ከጭነቱ ላይ ነው። ከጅቡቲ የሚገባው ዕቃ ወደዚያ ከሚላከው በክብደት እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ባቡሩ ብረትና ማዳበሪያ ጭኖ ሽቅብ ሲወጣ ብዙ መብራት ይበላል፤ ባዶ ፉርጎ እየጎተተ ሲወርድ ግን የሚመልሰው ጥቂት ነው። ማሾውም ሆነ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ምርት ቁልቁል ሲጫን ባቡሩ የማጓጓዣ ገቢ ከማግኘቱም በላይ የሚመልሰው ኤሌክትሪክ ይጨምራል።

እንግዲህ ስለ ታሪፍ ንግግር ሲነሳ ላኪውና ደላላው ሁለት ነገር ሊጠይቁ ይገባል። አንደኛ፣ ባቡሩ ወደ መረቡ የሚመልሰው ኃይል በቆጣሪ ተለክቶ ከሒሳቡ ላይ ይቀነስለታል ወይ? ሁለተኛ፣ የሚቀነስለት ከሆነ ቁልቁል የሚጫን ዕቃ ሽቅብ ከሚጫነው ያነሰ ዋጋ ለምን አይከፍልም? የመጀመሪያው መልስ በባቡሩና በመብራት ኃይል መካከል በሚደረገው ውል የሚወሰን ነው። የሁለተኛው ግን ኮምቦልቻ በምታቀርበው ጭነት መጠን የሚወሰን በመሆኑ፣ ጭነቱን አሰባስቦ ለድርድር መቅረብ የነጋዴው ፋንታ ነው።