ኢሜይልን ወደ ሥራ ዝርዝር መቀየር፦ ኤአይ የሚስተው የኛ ቀንና ሰዓት



የመስጂድና የመድረሳ ኮሚቴዎች ኢሜይል ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በአንድ ሰው ስልክ ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ ነጋዴ ወይም መምህር ነው። ከቀይ አፈር ወደ ዲመካ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን አልዱባን እናስብ። ማክሰኞ ገበያ ነው፤ ሱቁን ትቶ ኢሜይል የሚያነብ የለም። «ለመድረሳችሁ መጻሕፍት ልንልክ ነው፣ የልጆቹን ቁጥር እስከ ረቡዕ አሳውቁን» የሚል መልእክት ሰኞ ማታ ገብቶ ሐሙስ ቢከፈት፣ የሚያልፈው የልጆቹ ሐቅ ነው።

ለዚህ የሚረዳ አሠራር አለ። እንደ ዛፒየር ያለ አገናኝ አገልግሎት አዲስ ኢሜይል ሲገባ ጽሑፉን ለኤአይ ያቀብላል። ኤአዩ ሦስት ነገር እንዲያወጣ ይታዘዛል፦ ምን ተጠየቅን? ማንን ይመለከታል? እስከ መቼ? መልሱ በጉግል ሺትስ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ይመዘገባል፤ በኮሚቴው የቴሌግራም ግሩፕም ሊለጠፍ ይችላል። ያኔ ጉዳዩን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ይቀራል።

ችግሩ «እስከ መቼ» የሚለው ላይ ነው። «እስከ 5/6/2018 ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ ለኛ የካቲት 5 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2026፣ 9 ሰዓት። ኤአዩ ግን ጁን 5 ቀን 2018፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ብሎ ሊወስደው ይችላል። ሥራው ገና ሳይጀመር ከዓመታት በፊት ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ይመዘገባል! የሂጅራ ቀን ሲጨመር ደግሞ ይብሳል፤ «ረመዳን 10» የሚለው በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን አስቀድሞ በእርግጠኝነት ሊሰላ አይችልም። የቁርኣን ረጅሟ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛዋ፣ ዕዳን ከነጊዜው ስለ መጻፍ መሆኗን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ ለኤአዩ በሚሰጠው መመሪያ ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ ከኢትዮጵያ የሚመጡ ደብዳቤዎች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆኑ ይችላሉ፤ የኛ ሰዓት ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል፤ ቀኑ ካልተለየ አትገምት፣ «ይጣራ» ብለህ ጻፍ። ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን እንዳለ ከጎን ይቀመጥ። ከዚያ ከላይ ያለውን ምሳሌ ለራሳችሁ በኢሜይል ልካችሁ ሞክሩት። ካልተሳካ ቀኑን ሰው ይሙላው፤ ይህ ምንም ነውር የለውም።

ሌላው አማና ነው። የዘካ ተቀባዮችና የየቲሞች ስም ያለበት ኢሜይል በዚህ መንገድ ባያልፍ እንመርጣለን፤ ጽሑፉ ወደ ሌላ ድርጅት ሰርቨር ይሄዳልና። ሀገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ኢሜይሎች ብቻ እንዲያልፉ በጂሜይል ማጣሪያ አስቀድሞ መለየት ይቻላል። ኤአዩ መልስ እንዲልክ ወይም ገንዘብ እንዲያንቀሳቅስም አይፈቀድለት። «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል የአጭበርባሪ ደብዳቤም ለሱ አንድ ተራ ሥራ ነው።

በሳምንት ሦስት ኢሜይል ብቻ ለሚደርሰው ኮሚቴ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። አንድ ደብተርና ሁለተኛ አንባቢ ይበቃዋል።