አጎበሩ ከቤት፣ ሰውየው ከማሳ

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችው ዋጃና መላው የራያ ቆላ ወባን የሚያውቁት ከጥንት ነው፤ መንግሥትም ራያን የሚያውቀው በወባ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በ1940ዎቹ መገባደጃ የኬሚካል ርጭት በሙከራ ከተጀመረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የቆቦ–ጨርጨር ሜዳ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በ1951 ዓ.ም. መባቻ አገሪቱን የመታው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ገደማ እንደ ገደለ ይገመታል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው።

ያ ዘመን የዘመቻ ዘመን ነበር፤ ረጪው መጥቶ ይሄዳል፣ ትንኟ ግን ነዋሪ ናት። ነገሩ የተለወጠው በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ነው። የቀበሌዋ ልጅ የሆነችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጤና ኬላ ውስጥ ጣት ወግታ ትመረምራለች፣ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ከሆነ ኮአርተም የተባለውን መድኃኒት ለሦስት ቀን ትሰጣለች። መንደርተኛን ማመን እንደሚያዋጣ ቀድሞም ታይቷል፦ በትግራይ እናቶች እናቶችን አስተምረው ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ እንዲያክሙ በተደረገበት ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ40 በመቶ ቀንሷል።

ራያ ላይ ግን አጎበር ማደል ብቻውን አይበቃም። ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ማሽላው በሚያሽትበትና በሚታጨድበት ወቅት ነው። ገበሬው ሰብሉን ሊጠብቅ ከማሳ ያድራል፤ አጎበሩ ቤት ይቀራል። ለመስኖ የተጠለፈው ጎርፍ የሚተወው ኩሬ ለትንኟ መራቢያ ነው። ሑመራና መተማ ለቀን ሥራ የሄደው ጎልማሳም በደሙ ወባ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ይህን ከቀበሌዋ ሠራተኛ በላይ የሚያውቅ የወረዳ ሪፖርት አላየሁም።

የሰሜኑ ጦርነት የመታው ይህንኑ የጤና ኬላ ሥርዓት ነው። በሰሜን ወሎ ጤና ኬላዎች ተዘረፉ፣ መድኃኒት የሚደርስበት መንገድ ተቆረጠ። በአገር ደረጃ በ2011 ዓ.ም. አካባቢ በዓመት ከ1 ሚሊዮን በታች ወርዶ የነበረው የሕሙማን ቁጥር፣ ከታኅሣሥ 2016 እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በለጠ፤ 1,157 ሰዎች ሞቱ። የአየር ንብረትና መድኃኒት የተላመደ ተሕዋስ ድርሻ አላቸው፤ ባዶ የጤና ኬላ መደርደሪያ ግን ሰበብ የለውም።

ስለዚህ በጀት ያዦች ሆይ፣ መመርመሪያውና ኮአርተሙ ጥቅምት ላይ ወረርሽኝ ሲታወጅ ሳይሆን ነሐሴ ላይ ዋጃ ይድረስ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ደመወዟ በወሩ ይከፈላት።