ማግኔት የሚያሸቱ ሁለት ዘበኞች

ጅዳ ውስጥ፣ ባለድ በሚባለው አሮጌ ከተማ፣ የወርቅ ቤት በር ላይ ቀና ብላችሁ ብታዩ መቃኑ ላይ ጣት የምታህል ነጭ ፕላስቲክ ተለጥፋ ልታገኙ ትችላላችሁ። ጥንዷ መዝጊያው ላይ ናት። አንዷ የያዘችው ማግኔት ብቻ ነው፤ በሌላዋ ሆድ ውስጥ ሪድ ስዊች አለ፦ የታሸገ ቀጭን የመስታወት ቱቦ፣ በውስጡም ሊነካኩ ጥቂት የቀራቸው ሁለት የብረትና የኒኬል ምላሶች። በሩ ሲዘጋ ማግኔቱ ይጠጋል፣ ምላሶቹ ተሳስበው ይነካካሉ፤ ሲከፈት ይላቀቃሉ፣ ደወሉ ይጮኻል። የቤል የስልክ ቤተ ሙከራ መሐንዲስ ዋልተር ኤልውድ እ.ኤ.አ. በ1936 ከፈለሰፈው ወዲህ ዘዴው ያው ነው።

የሁለተኛው ዘበኛ፣ የተቀናቃኙ የሆል ሴንሰር ታሪክ የሚጀምረው፣ የአጋጣሚ ነገር ሆኖ፣ ከወርቅ ነው። አሜሪካዊው ኤድዊን ሆል በ1879 ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ማግኔት ሲያሳርፍ፣ በሁለቱ ጎኖቹ መካከል ትንሽ ቮልቴጅ ብቅ አለ። ዛሬ የወርቁን ቦታ ቺፕ ወስዶታል። የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው አያልቅም፤ ግን ያለ ኤሌክትሪክ ዕውር ነው። ሪድ ስዊች ለራሱ ምንም አይበላም፤ በባትሪ ለሚሠራ የበር ደወል እኔ አሁንም እሱን እመርጣለሁ።

ድክመቱ ግን አለ። ሌባ የራሱን ማግኔት ከውጭ ቢለጥፍበት፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶም «ዝግ ነው» ይላል። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጠላቱ ራሱ ማግኔት ነው። የሳዑዲ ኤሌክትሪክ ኩባንያ በ2020 እና በ2021 ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ስማርት ቆጣሪዎች ተክሏል። አጭበርባሪ ኃይለኛ ማግኔት አስጠግቶ የቆጣሪን ልኬት ሊያዛባ ይሞክራል። ከየትኛው ጎን እንደሚመጣ ስለማይታወቅ፣ ወደ ርዝመት፣ ወደ ወርድና ወደ ከፍታ የሚያይ የሆል ቺፕ ያስፈልጋል። ይህ የማግኔቱን ብርታት ጭምር ይለካል፤ ሪድ ስዊች ከ«አለ» እና «የለም» በቀር ቃል የለውም።

መካ ላይ ሙቀቱም ይታሰባል። በ2024 የሐጅ ወቅት ታላቁ መስጊድ አካባቢ 51.8 ዲግሪ ተመዝግቧል። የኒዮዲሚየም ማግኔት ሲሞቅ በየዲግሪው ከጉልበቱ 0.1 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ፀሐይ በሚያቃጥለው የብረት በር ላይ በማግኔቱና በስዊቹ መካከል ያለውን ክፍተት እስከ መጨረሻው ለጥጦ የገጠመ ባለሙያ እኩለ ቀን ላይ ያለ ሌባ ደወል ይሰማል።

ጅዳ ላይ ክፉው የባሕር እርጥበት ነው። የታሸገው መስታወት ይችለዋል፣ ሠራተኛው የስዊቹን የሽቦ እግር ሲያጥፍ ካልሰነጠቀው። ሽቦውን ከመስታወቱ ሥር በጉጠት ሳይደግፍ ካጠፈው ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይተዋል። ስዊቹ ያን ቀን ይሠራል፤ ከዚያ ጨዋማው አየር ቀስ ብሎ ይገባና ምላሶቹን መብላት ይጀምራል።